የዓሚ ራም፣ የጋሼ ራም

ልጄ የቤት ሥራዋን ስትሳሳት በላጲስ ፈግፍጋ ታጠፋለች፤ ያን ጊዜ የሞቀ የጎማ ሽታ ከደብተሯ ተነሥቶ ይመጣና እኔን ከተቀመጥኩበት ይወስደኛል። የሚታየኝ አሶሳ ያለው የድሮ ቤታችን ሳሎን ነው፤ አባዬ መብራቱ ሥር አጎንብሶ፣ ማበጠሪያ የምታህል አረንጓዴ ነገር በሁለት ጣቱ ይዞ፣ የወርቅ ቀለም ያላቸውን ጥርሶቿን በእኔው ላጲስ ሲያሽ፣ እማዬ ደግሞ አጠገቡ ቆማ እጆቿን በቀሚሷ ስትጠርግ፣ አሁንም ስትጠርግ። ያቺ አረንጓዴ ነገር ራም የምትባለው የኮምፒውተር ዕቃ ናት፤ ኮምፒውተሩ በሚሠራበት ሰዓት የያዘውን ነገር ለጊዜው የሚያስቀምጥባት። ያኔ ግን እኔ ይህን ከየት አውቄ፤ የማውቀው በእሷ ምክንያት ላጲስ እንዳጣሁና እናቴንም ላጣ እንደሆነ ብቻ ነበር። እንዳልዋሽ፣ በዚያ ዓመት ቤታችን ውስጥ ከሆነው ነገር ግማሹ ዛሬም በቅጡ አልገባኝም።

አባዬ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ ዘመዶቹ በሱዳን ድንበር በኩርሙክ በኩል ናቸው። እማዬ የወለጋ ልጅ ናት፤ ዘመዶቿ ባምባሲ ገብተው ይነግዱ ነበር። ሲጋቡ ሁለቱም ወገን ፊቱን እንዳጠቆረ ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ ግን ልጅ የቤቱን ዕቃ አይቶ ብዙ ነገር ይረዳል፣ የእኛ ቤት ዕቃ ደግሞ ሁሉም ሁለት ሁለት ነበር። የአባዬ ታላቅ ወንድም ዓሚ ሐምዛ ከኩርሙክ ገበያ የሱዳን ብርድ ልብስ ተሸክሞ የመጣ እንደሆነ፣ የእማዬ ታላቅ ወንድም ጋሼ ደሳለኝ ወሬው ባምባሲ በደረሰው በሳምንቱ ከዚያ የሚወፍር ብርድ ልብስ ይልክ ነበር። ጋሼ ደሳለኝ ፔርሙስ የሰጠን እንደሆነ ዓሚ ሐምዛ በሚቀጥለው ጉዞው አበባው የደመቀ ሌላ ፔርሙስ ይዞ ከች ይላል። ተጣልተው እንዳይመስላችሁ፤ ሲገናኙማ ተቃቅፈው ትከሻ ለትከሻ ሲሳሳሙ ላያቸው መንታ ይመስሉ ነበር። ብቻ አንዱም ከሌላው አንሶ መታየት አይፈልግም። ስሜ እንኳ ሐዋ የሆነው አንዱ ወገን ሐዋ፣ ሌላው ወገን ሔዋን እያለ ሊጠራኝ ስለሚችል ነው፤ እስከ ዛሬ ባምባሲ ብሄድ ሔዋን ነኝ።

ወላጆቼም በዚህ መሀል ሳይጻፍ የጸና ሕግ ነበራቸው። የሰው ስጦታ ከቤት አይወጣም፣ ሳጥን ውስጥም አይቆለፍበትም፤ ሰጪው ሲመጣ ደግሞ ሥራ ላይ ሆኖ ማየት አለበት። ዓሚ ሊመጣ ነው ሲባል የሱዳኑ ብርድ ልብስ ከላይ ይነጠፋል፤ ጋሼ ሊመጣ ነው ሲባል የሱዳኑ ከሥር ይገባና የጋሼ ከላይ ይወጣል። ሁለቱ በአንድ ቀን የመጡ እንደሆነ እማዬ ሁለቱንም ብርድ ልብስ ጎን ለጎን አንጥፋ አልጋው እንደ ሱቅ ይሆን ነበር። እኔ ሁሉም ቤት እንዲህ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ በጋ ክልሉ ገና አዲስ ነበር። የቢሮዎቹ ቆርቆሮ አላደበዘዘም፣ የወንበሮቹ ላስቲክ አልተላጠም፣ ትናንት አስተማሪ የነበረው ዛሬ ኃላፊ ሆኖ መኪና ውስጥ ስናየው አንዳንዴ ሰላም እንበለው አንበለው ግራ ይገባን ነበር። እማዬ አንዱ ቢሮ ውስጥ ታይፒስት ነበረች፤ ያውም የምትፈራ ታይፒስት። ከትምህርት ቤት ስመለስ በቢሮዋ አጥር በኩል አልፌ ድምፅዋን እሰማ ነበር፤ የጣቶቿን ማለቴ ነው፤ የጽሕፈት መኪናዋን የምትመታው ጠላት እንዳገኘች ሰው ነበር፤ ከብዙ ታይፒስቶች መሀል የእሷን ለይቼ አውቀዋለሁ። ድምፁን ከሰማሁ በኋላ ልቤ አርፎ ወደ ቤት እሄዳለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ከሥራ መጥታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ቢሮው ኮምፒውተር አስመጥቷል፤ ታይፒስቶች በሙሉ ክረምቱ እንደወጣ በኮምፒውተር ይፈተናሉ፤ ያለፈ ይቀራል፣ የወደቀ የጽሕፈት መኪናውን ይዞ ወደ ወረዳ ይወርዳል። የእሷ የጽሕፈት መኪና የተመደበው ማንኩሽ ነበር።

«ማንኩሽ የት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አባዬ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ስለነበረ የግድግዳ ካርታ ነበረን፤ ጣቱን አሶሳ ላይ አድርጎ ወደ ሰሜን ሲጎትት፣ ዓባይን ሲሻገር፣ አሁንም ሲጎትት አየሁት። በቀጥታ የሚወስድ መንገድ የለም፣ ተዞሮ ነው የሚኬደው፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ ተዉት አለ። እማዬ ካርታውን አላየችም፤ እኔን ነበር የምታየው።

የመጡት ኮምፒውተሮች ፈተናው እስኪደርስ ኃላፊው ክፍል ውስጥ ሽፋን ለብሰው ተቆልፎባቸው ነበር፤ ሳይነኩት መፈተን እንዴት ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አባዬ ግን «ቤት ውስጥ እንሠራላታለን» አለ። እሱ አላውቅም የምትለዋን ቃል ሳያውቃት የሸበተ ሰው ነው። ሸርቆሌ በኩል ይሠራ የነበረ አንድ ድርጅት አሮጌ ዕቃውን ሲቀይር ባዶ ሳጥንና ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ማዘርቦርድ አገኘ፤ ሞኒተሩ ከሌላ፣ ኪቦርዱ ከሌላ፣ ከሁሉ የጎደለችው ራም ብቻ ሆነች። ወደ ኩርሙክ በሹፌር ለዓሚ ሐምዛ ላከበት፤ መልሱ ሲዘገይ ደግሞ ጋሼ ደሳለኝ ለንግድ አዲስ አበባ ሲሄድ ለእሱም ነገረው። ከሁለት አንዱ ቢሳካ ብሎ ነው። ሁለቱም ተሳካ፤ የዓሚ ራም በጨርቅ ተጠቅልላ፣ የጋሼ ራም በብስኩት ካርቶን ሆና በተቀራራቢ ቀን ደረሱ።

«ሁለት ቀዳዳ ነበራት፣ ሁለት ራም መጣላት። ከዚህ በላይ ምን አለ?» አለ አባዬ፤ ሁለቱንም ሰካቸውና ለሁለቱም ወንድሞች የምስጋና ቃል ላከላቸው።

ያኔ ለከተማው መብራት የሚሰጠው ትልቁ ጄኔሬተር ነበር፤ ማታ ማታ ብቻ። ጀምበር ስትጠልቅ ከሩቅ ጉርምርምታው ይሰማና አምፖሉ ጭል ጭል ብሎ ይበራል። የመጀመሪያ ቀን ኮምፒውተሯ ጢጥ ብላ ስትነሣ አባዬ አጨበጨበ። እማዬ ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና የምትጽፈው ጠፋት፤ በሕይወቷ የጻፈችው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ብቻ ስለሆነ፣ ቆይታ ቆይታ፣ «ለወይዘሪት ሐዋ፣ ጉዳዩ፦ ወደ መኝታሽ እንድትሄጂ ስለማሳሰብ» ብላ ጻፈች። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። «ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው» ብላ ልትቀጥል ስትል ስክሪኑ ድንገት ሰማያዊ ሆነ፤ ነጫጭ የፈረንጅ ጽሑፍ ሞላበት፣ ደብዳቤዬም ጠፋ። አባዬ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነበበና «ይኼ ምንም አይደለም» አለ።

ምንም አይደለም የተባለው ነገር ግን በማግስቱም መጣ፤ በሳምንቱም መጣ። አንዳንዴ እንደ ተቀመጠች፣ አንዳንዴ አንድ ገጽ ከሞላች በኋላ፣ አንዳንዴ ደግሞ ዝም ብላ እያየቻት ሳትነካት ትሞትባታለች። ሥርዓት ቢኖራት እኮ ሰው ይዘጋጅ ነበር። አባዬ ግን በየጊዜው አዲስ ምክንያት ያገኝላት ነበር፤ ደግሞ በእያንዳንዱ ምክንያት ከልቡ ነው የሚያምነው። ጥር ላይ ሣሩ ሲቃጠል ጥቁር አመድ ከተማው ላይ እየረገፈ የተሰጣ ልብስ ያበላሽ ነበርና፣ «አመዱ ነው» አለ፤ ሳጥኗን ከፍቶ እፍ አለባት፣ ራሞቹን ነቅሎ በላጲስ አሻቸው፣ መልሶ ሰካቸው። አንዳንዴ አንዷ ራም በደንብ ሳትገባለት ስትቀር ኮምፒውተሯ ልጇ የጠፋባት ወፍ መስላ ትጮህ ነበር። እኔ ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ ላጲሴ ጥቁር ሆኖ፣ ግማሹ ተበልቶ አገኘዋለሁ። ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ «ሙቀቱ ነው» አለና በቀርከሃ ማራገቢያ እንዳራግብባት አስቀመጠኝ፤ እኔ ሳራግብ፣ እማዬ ስትጽፍ፣ ማንጎ ቆርቆሮው ላይ ዷ ብሎ ሲወድቅ ሦስታችንም እንደነግጥ ነበር።

ከዚያ ደግሞ «ጄኔሬተሩ ነው» አለ። ከዚያ፣ ባይለው በወደድኩ፣ «ጫልቱዬ፣ እስቲ ትንሽ ቀስ ብለሽ ምቺው» አላት እማዬን።

ክፋት አልነበረውም፤ እሱ ሁሉንም ሰበብ ሞክሮ ሲጨርስ የቀረው ጣቷ ብቻ ሆኖበት ነው። እማዬ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እጇን ጠረጠረችው። ኪቦርዱን የተኛ ሕፃን እንደምትነካ ሆና ትነካው ጀመር፤ ስክሪኑ ሰማያዊ በሆነ ቁጥር ደግሞ ፈጥና እጇን ወደ ጭኗ ትመልሳለች። አጎቶቼም ወሬው ደረሳቸው። ዓሚ ሐምዛ መጥቶ አየና አንገቱን ነቀነቀ።

«ይኼ ዐይን ነው፣ ወላሂ። ሰው አይቶት ነው» አለ። አማርኛ የተማረው ገበያ ላይ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም ባንድ ነበር የሚጠራው፤ እማዬን «ጫልቱ ጎበዝ ነው፣ አትፍራ» ሲላት እሷ ደስ ይላት ነበር። በቆዳ የተሰፋ ክታብ አምጥቶ ሞኒተሩ ጎን አንጠለጠለ። ጋሼ ደሳለኝ ይህን ሲሰማ ከባምባሲ የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌ ይዞ መጣና፣ ሽማግሌው ሞኒተሩ ላይ እጁን ጭኖ፣ ክታቡን ላለመንካት ጎኑን ትቶ፣ ረጅም ጸሎት ጸለየ። የኮምፒውተራችን ነገር ለእኔ ከዚያ ወዲያ ጨርሶ ተደበላለቀብኝ፤ የታመመ ዘመድ ይሁን፣ ዕቃ ይሁን፣ ወይስ እናቴን ሊወስድ የመጣ ነገር ይሁን አላውቅም ነበር።

ክረምት ገባ። የአሶሳ ዝናብ ሲጥል እርስ በርስ ስለማንሰማማ ቤት ውስጥ አንዳንዴ በምልክት ነበር የምንነጋገረው። በዚያ ዝናብ መሀል አንድ ምሽት አባዬ የዓሚን ራም አውጥቶ የጋሼን ብቻ ተወ፤ ኮምፒውተሯ ሳትሞት አመሸች። በማግስቱ የጋሼን አውጥቶ የዓሚን ብቻ ሰካ፤ አሁንም ሳትሞት አመሸች። ሁለቱን መልሶ ሲሰካ እማዬ አንድ መስመር ሳትጨርስ ሰማያዊው መጣ። አባዬ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ግንባሩን በእጁ ያዘ።

«ሁለቱም ጤነኞች ናቸው» አለ።

«ታዲያ አንዱን እናውጣዋ» አለች እማዬ።

«የማንን?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። «የወንድሜን አውጣው» አለች እማዬ።

«የደሳለኝን? ምን ቆርጦኝ። የእኔን ወንድም እንጂ።»

«ሐምዛ ያንን ሁሉ መንገድ አሸክሞ ልኮልኝ፣ አውጥቼ በየት ዐይኔ ነው የማየው? የወንድሜን አውጣልኝ አልኩህ።»

«አይሆንም ጫልቱ።»

«አይሆንም።»

ለረጅም ጊዜ እንዲህ ተባባሉ፤ እየተለማመጡ፣ እየተከባበሩ፣ ሁለቱም የራሳቸውን ወገን ለማስወጣት እየታገሉ። ማንም አላሸነፈ። በመጨረሻ አባዬ ሁለቱንም መልሶ ሰካና የአስተማሪ ድምፁን አውጥቶ፣ «ሁለቱም ጤነኞች ከሆኑ በሽታው እዚህ የለም ማለት ነው፤ ሌላ ቦታ ነው የምንፈልገው» አለ። አሁን ሳስበው ያ ሰው ፊዚክስ ያስተምር ነበር ስል ይገርመኛል፤ ይሉኝታ ግን የተማረውን ሁሉ ነው የሚያስረሳው። እማዬ ኪቦርዱን አየችና በቀስታ «ታዲያ እኔ ነኛ» አለች። ዝናቡ ስለነበረ አባዬ የሰማት አይመስለኝም፤ እኔ አጠገቧ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ዓሚ ሐምዛ ሊመጣ ነው ሲባል አባዬ ቀደም ብሎ የጋሼን ያወጣል፤ እንግዳው ፊት እንዳታዋርደው። ጋሼ ደሳለኝ ሊመጣ ነው ሲባል የዓሚን ያወጣል። ብርድ ልብሱን እንደሚገለብጡት ማለት ነው። ዓሚም ጋሼም «አየህ፣ የእኔ ይዞታል» እያሉ ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ፤ ከበሩ ሲወጡ አባዬ የወጣውን መልሶ ይሰካል፣ የሰው ስጦታ መሳቢያ ውስጥ አይታሰርም ብሎ። እማዬም በእንግዳ ቀን ያልሞተችው ኮምፒውተር በማግስቱ ስትሞት፣ ሰው አጠገቤ ሲኖር ተጠንቅቄ ነው፣ ብቻዬን ስሆን እጄ ይከብዳል እያለች እጇን ትረግመው ነበር።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ በቢሮዋ አጥር በኩል አለፍኩ፤ የታይፒስቶቹ ድምፅ አለ፣ የእሷ ግን የለም። ታማ ይሆን ብዬ በመስኮት ብመለከት ተቀምጣለች፤ ጣቶቿ ይንቀሳቀሳሉ፣ መኪናዋ ግን አይሰማም። የጽሕፈት መኪና ደግሞ ካልመቱት ካርቦኑ ወደ ሥር ወረቀት አይደርስም፤ የላይኛው ደብዳቤ ገርጥቶ፣ ቅጂዎቹ ባዶ ሆነው እየወጡ ኃላፊው ይመልስባት እንደነበር ማታ ለአባዬ ስትነግረው ሰማሁ። እስከዚያ ቀን የምትፈተነው በማታውቀው ነገር ነበር፤ አሁን የምታውቀውም ከእጇ እየወጣ ነው። ማንኩሽ ሄዳለች ብዬ፣ አሁኑኑ ተነሥታ ሄዳለች ብዬ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፤ የማን ብርድ ልብስ እንደነበር አላስታውስም።

መስከረም ጠባ፣ ዝናቡ ገለል አለ። ፈተናው በማግስቱ ሰኞ ሊሆን እሑድ አባዬ ሁለቱን አጎቶቼን አንድ ላይ ጠራ፤ ታላላቆቿ ፊት አንድ ጊዜ ጽፋ ብትመረቅ ልቧ ይጠናል ብሎ። ሁለቱ አብረው ስለሚመጡ በሕጋችን መሠረት ሁለቱም ራሞች መግባት ነበረባቸው። እማዬ ፊታቸው አታስጽፈኝ ብላ ለመነችው፤ እሱ ግን ላጲስ ገዝቶ፣ አዲስ፣ ጥርሶቻቸውን እንደ መስታወት እስኪያበሩ አሽቶ፣ «ኮምፒውተሯ አሁን ምክንያት የላትም» አላት። መብራት ሲመጣ ዓሚ ሐምዛ በቀኝ፣ ጋሼ ደሳለኝ በግራ ተቀመጡ፤ እማዬ መሀል ሆና መጻፍ ጀመረች። ጣቶቿ ኪቦርዱን ይነኩት አይነኩት አይታወቅም ነበር፤ ግማሹ ፊደል አይወጣም። አንድ አንቀጽ ላይ ደርሳ ነበር። ከዚያ ሰማያዊው መጣ።

እማዬ ሁለት እጆቿን ነጠላዋ ሥር ደበቀችና «እጄ ነው። ተዉት በቃ፣ እጄ ነው። ማንኩሽ እሄዳለሁ» አለች።

«መሎ፣ ጫልቱ፣ እንዲህ አትበዪ» አለ ጋሼ ደሳለኝ፤ መሎ በኦሮምኛ ልመና ነው፣ ድምፁም ይለምን ነበር።

እኔ እንግዲህ ልጅ ነኝ፤ የማውቀው ያየሁትን ነው፣ ያየሁትንም የተረዳሁት መስሎኝ ነበር። ብድግ ብዬ «እጇ አይደለም» አልኩ። «አባዬ ዓሚ ሲመጣ የጋሼን ያወጣል፣ ጋሼ ሲመጣ የዓሚን ያወጣል፤ ያኔ አትሞትም። ሁለታችሁ አብራችሁ ስትሆኑ ነው የምትሞተው።»

አባዬ ያን ዕለት የሆነውን ፊት ከዚያ በኋላ አይቼበት አላውቅም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ይለው ነበር። ዓሚ ሐምዛ ወደ ጋሼ ደሳለኝ፣ ጋሼ ደሳለኝ ወደ ዓሚ ሐምዛ ተመለከቱ፤ እኔም ምን እንዳጠፋሁ ሳይገባኝ እማዬ ጀርባ ተደበቅሁ።

«አቡ ሐዋ» አለ ዓሚ ሐምዛ አባዬን፣ የሐዋ አባት ማለቱ ነው፣ «የኔን ማውጣት ትችል ነበር። ለምን አልነገርከኝም? አሁን አውጣ።»

«ኧረ አይደረግም፣ አቶ ሐምዛ» አለ ጋሼ ደሳለኝ። «የእርስዎ ይቆይ። የሚወጣ ካለ የእኔ ነው።»

«እኔ ታላቅ ነኝ፤ የኔ ይወጣል።»

«እህቴ እኮ ናት የምትፈተነው፤ የእኔ ይውጣና ትለፍ።»

«የኔ ይወጣል አልኩ። ያንተ ይቀራል።»

«የእርስዎን አስወጥቼ የእኔን አስቀርቼ ነገ ባምባሲ ምን እባላለሁ?»

ድምፃቸው ከፍ እያለ መጣ። ሁለቱም ቆሙ። የሚጣሉት ለመሸነፍ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ጠብ እስከ ዛሬ አላየሁም፤ ጭራሽ ዓሚ ሐምዛ ጥምጣሙን እያስተካከለ «ካልወጣ እኔ እዚህ ቤት አልገባም ከዛሬ በኋላ» ብሎ ማለ፣ ጋሼ ደሳለኝም ኮቱን አነሣ። አባዬ መሀላቸው ገብቶ የአንዱን እጅ ሲይዝ ሌላው ሊወጣ ይላል።

እማዬ ተነሣች። ማንንም ሳትጠይቅ የኮምፒውተሯን ሽቦ ከግድግዳው ነቀለች። ሳጥኗ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነበር፤ አባዬ ሁልጊዜ ስለሚጎረጉራት ክዳን አልነበራትም። ጀርባዋን ሰጥታን ጎንበስ አለችና እጇን አስገባች፤ ራሞቹን የሚይዘው መቆንጠጫ ቀጭ ሲል ሰማን፤ የወጣውን ነገር ለማንም ሳታሳይ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ሽቦውን መልሳ ሰካችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«የማን ነው የወጣው?» አለ አባዬ።

«ዝም ብላችሁ ቁጭ በሉ» አለች።

ሦስቱም ወንዶች ቁጭ አሉ። ኮምፒውተሯ ተነሣች። እማዬ መጻፍ ጀመረች፤ በመጀመሪያ እንደ ተለመደው በፍርሃት፣ በጣቷ ጫፍ፣ አንድ መስመር፣ ሁለተኛ መስመር፤ ሰማያዊው ሳይመጣ ሲቀር ትንሽ ጠንከር፤ ገጹ ሲሞላ አሁንም ጠንከር። አጎቶቼ እራት በልተው እስኪጨርሱ አላቆመችም፤ በመጨረሻ ያ የማውቀው ድምፅ፣ ጠላት እንዳገኘ ሰው ያለ ምታት፣ ኪቦርዱን ከጠረጴዛው ላይ እያስነጠረው ቤቱን ሞላው። ዓሚ ሐምዛ «ይሄ ሴትዮ ወንድ ነው» አለ። እኔ ማራገቢያዬን ታቅፌ ሳቅሁ፣ መልሼ አለቀስኩ።

እንግዶቹ እንደተነሡ አባዬ የሳጥኗን ክዳን ከአልጋ ሥር ፈልጎ አመጣ፤ ወደ ውስጥ ሳያይ ገጠመውና ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቃቸው። ዳግመኛ ሲከፍታት አላየሁትም። ሰኞ እማዬ ተፈተነች፣ አለፈች። ወር ሳይሞላ የጽሕፈት መኪናዋ ሸራ ለብሳ በጭነት መኪና ወደ ማንኩሽ ስትሄድ፣ እሷ ከግቢው ወጥታ ሸኘቻት፤ የሥራ ባልደረቦቿ ሲስቁባት ዐይኗን እየጠረገች ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ በኩርሙክም በባምባሲም የሚነገረው ታሪክ ሁለት ሆነ። ዓሚ ሐምዛ፣ ነፍሱን ይማረው፣ እስኪሞት ድረስ ያኔ የወጣው የእኔ ነው፣ ለጫልቱ ስል ለደሳለኝ ለቀቅሁለት ይል ነበር። ጋሼ ደሳለኝ ዛሬም የወጣው የእኔ ነው፣ ለአቶ ሐምዛ አክብሮት ስል ነው ይላል። የእኔ ነው የቀረው ያለ ማንም አልነበረም።

አድጌ ራሴ ቢሮ ስገባ ይህን ነገር ለአንድ የኮምፒውተር ባለሙያ አጫወትኩት፤ ሳቀና፣ ሁለቱ ፍጥነታቸው የተለያየ ይሆናል፣ ማዘርቦርዱ ሁለቱንም በፈጣኑ ልክ ሊያስሮጥ ሲሞክር ነው የሚወድቀው አለኝ። የኮምፒውተሯ ማስተካከያ ውስጥ ተገብቶ በዝግተኛው ልክ እንዲሄዱ ቢታዘዙ ኖሮ አብረው መሥራት ይችሉ ነበር፣ ማንንም ማውጣት አያስፈልግም ነበር አለ። ቤት ስደርስ ይህን ለአባዬ ልነግረው ብዬ ነበር፤ ከዚያ ፊቱን ሳየው ተውኩት።

አሁን አሶሳ መብራቱ ቀንም አለ፤ ኮምፒውተር የሌለበት ቢሮ የለም፣ ላጲስም የልጄ ብቻ ነው። በመሀል በዚህ አገር ክፉ ዓመታት አለፉ፤ ጋሼ ደሳለኝ ሱቁን ዘግቶ ተመልሶ የከፈተበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ሰው ሲቀጠርም ሲነሣም፣ ባጃጅ ውስጥም ሠርግ ቤትም፣ መጀመሪያ የምሰማው ጥያቄ የማን ነው የሚል ነው፤ እኔም ሳላውቀው ስጠይቅ ራሴን እይዘዋለሁ። ባለፈው እሑድ እማዬን ጠየቅኋት። አርጅታለች፣ ጡረታ ወጥታለች፤ ያቺ የወጣች ራም በጨርቅ ተጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ እንዳለች አውቃለሁ፣ ግን ፈትታ አሳይታን አታውቅም።

«እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ያን ቀን ያወጣሽው የማንን ነው?»

«አላየሁትም» አለች። «ዐይኔን ጨፍኜ ነው እጄን ያስገባሁት። ባየው ኖሮ ማውጣት የምችል ይመስልሻል?»

ይህን ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች፤ ለጋሼ ደሳለኝ መልእክት ትጽፍ ነበር። እኔ ሳህኑን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ስክሪኑን እንደ ጽሕፈት መኪና ስትመታው እዚያ ድረስ ይሰማኝ ነበር።